ሐኪም ናት ወይስ አክቲቪስት?

ዛሬ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው። ጊዜ ያላችሁ አሁኑኑ፣ የሌላችሁ ማታ ቡና ስትጠጡ አንብቡት።

ባለፈው እሁድ ስለ ዶክተር ሄለን ሮድሪጌዝ-ትሪያስ አምስት መስመር ጽፌ ከፎቶዋ ጋር ለጥፌ ነበር። ኮሜንት ላይ አንድ የድሮ ተማሪዬ፣ ዘንድሮ ኢንተርን ሆኖ ሕክምና ሊጨርስ የደረሰ ልጅ፣ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ቲቸር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይቺ ሴትዮ ሐኪም ናት ወይስ አክቲቪስት? የሐኪም ሥራ ማከም ነው። ደንብና ሰልፍ ለፖለቲከኞች ይተውላቸው።» የሱ ኮሜንት ከኔ ፖስት የበለጠ ላይክ አገኘ። ላይክ ካደረጉት ውስጥ ስድስቱን እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው፤ ስማችሁን አይቻለሁ።

ሌላ አንዱ ደግሞ «በዲፕሎማ ስለ ዶክተሮች መጻፍ ተጀመረ» ብሏል። ለሱ መልስ የለኝም። ዲፕሎማዬ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ አላፍርበትም። የልጁ ጥያቄ ግን ቁም ነገር አለው፤ ብዙ ሰው በልቡ የያዘውን ነው አፍ አውጥቶ የተናገረው። ስለዚህ በደንብ ልመልስለት። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሄለን በ1929 ኒው ዮርክ ተወለደች፤ ቤተሰቦቿ ፖርቶ ሪካውያን ናቸው። ልጅነቷን ደሴቲቱ ላይ አሳልፋ በ10 ዓመቷ ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰች። ፖርቶ ሪኮ ማለት ካሪቢያን ውስጥ ያለች፣ ሕዝቧ እስፓኒሽ የሚናገር፣ በአሜሪካ ሥር ያለች ግን እንደ ቴክሳስ ወይ እንደ ካሊፎርኒያ ሙሉ ስቴት ያልሆነች ደሴት ናት። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ውጤቷ ጥሩ ነበር። እንግሊዝኛም ትችላለች። ሆኖም ኒው ዮርክ ስትገባ የተመደበችው በትምህርት ደካማ ከሚባሉ ልጆች ጋር ነው። አንድ ቀን ግጥም በቃል ሲባል ተራዋ ደረሰና አንድ ሙሉ ግጥም አወረደችው። ያኔ ነው አስተማሪዋ «ይቺ ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?» ያለው ወይ ያለችው፤ ከዚያ ወደ ጎበዞቹ ክፍል ተዛወረች።

የሞቲቬሽን ሰዎች ይሄን ታሪክ ሲያገኙ እዚህ ጋ ያቆማሉ። «አያችሁ! ጥረት! ራስን ማሳየት!» ምናምን። እኔ ግን አስተማሪ ነኝና የሚታየኝ ሌላ ነው። የዚያን ቀን ግጥም ባይኖርስ? እዚያው ክፍል ውስጥ የቀሩት ልጆችስ? ከነሱ መሃል ስንቱ በስሙ ወይም በአነጋገሩ ብቻ ነው እዚያ የተጣለው? የልጅቷ ጉብዝና ከግጥሙ በፊትም ነበረ። የጎደለው የሚያይ ዓይን ነው።

ይሄን የምለው ከላይ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘጠነኛ ክፍል አንዲት ልጅ ነበረችኝ፣ ከገጠር የመጣች፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ አማርኛ ያልሆነ። አንድም ቀን እጇን አታወጣም። ሮስተሬ ላይ ከስሟ ጎን በእርሳስ «ደካማ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቀን እረፍት ሰዓት ላይ ክፍል ስገባ ብላክቦርዱ ላይ የልብን አራት ክፍል ከነደም ሥሮቹ ሥላ አገኘኋት፤ ከኔ ሥዕል ይሻላል። ባዮሎጂውን ታውቀዋለች፣ እኔ የጠየቅኳት በማትናገርበት ቋንቋ ነው። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ አልተመለሰችም። ቃሉን በላጲስ አጥፍቼዋለሁ፣ ግን ምን ዋጋ አለው።

ወደ ሄለን ልመለስ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ፖርቶ ሪኮ ጀመረች፤ ወዲያው ደሴቲቱ ነጻ ትውጣ ከሚሉ ተማሪዎች ጋር ገባች። ወጪዋን የሚሸፍንላት ወንድሟ በዚህ ከቀጠልሽ ብር አልልክም አለ። አቋርጣ ኒው ዮርክ ሄደች፣ አገባች፣ ሦስት ልጅ ወለደች። ከዓመታት በኋላ ተመልሳ በ1957 የመጀመሪያ ዲግሪዋን፣ በ1960 ደግሞ ሕክምናውን በከፍተኛ ማዕረግ ጨረሰች። 31 ዓመቷ ነበር፤ አራተኛ ልጅም ወልዳለች። «ዘገየሁ ቲቸር» እያላችሁ ኢንቦክስ የምትጽፉልኝ ሴት ልጆች፣ ይቺን ለእናንተ ነው ያስገባኋት።

ከዚያ ምን ሠራች? «የሐኪም ሥራ ማከም ነው» አልክ አይደል? አከመች። ሳን ሁዋን ባለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በደሴቲቱ የመጀመሪያ የሆነውን የጨቅላ ሕፃናት ማዕከል አቋቋመች። በሦስት ዓመት ውስጥ የሆስፒታሉ የጨቅላ ሞት በግማሽ ቀነሰ። በግማሽ! እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ አንተም ላይክ ታደርጋት ነበር።

በ1970 ወደ ኒው ዮርክ ተመልሳ ደቡብ ብሮንክስ በሚገኘው ሊንከን ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ኃላፊ ሆነች። ሊንከን ያኔ የደኸየ ሰፈር የደኸየ ሆስፒታል ነው፤ የሰፈሩ ሰው ራሱ «ሥጋ ቤት» ይለው ነበር። የዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ያንግ ሎርድስ የሚባሉ የፖርቶ ሪኮ ወጣቶች ገብተው ለአንድ ቀን ያህል ይዘውት ነበር። እውነቱን ለመናገር የሷም አሿሿም ያለ ጭቅጭቅ አልነበረም፤ ከሷ በፊት የነበረው ኃላፊ በሰፈሩ ሰዎችና በወጣት ሐኪሞች ግፊት ነው የተነሣው፣ ጋዜጣም ላይ ብዙ ተብሎበታል። ቅድስት አድርጌ ላቀርብላችሁ አይደለም።

የኔ ጭቅጭቅ ያለው ግን ከዚህ በኋላ ባለው ላይ ነው።

ፖርቶ ሪኮ ውስጥ በ1937 የወጣ ሕግ ሴቶችን በኦፕራሲዮን ማምከንን ፈቀደ። ከሕጉ ጀርባ «ድሃ አይብዛ» የሚል፣ ያን ጊዜ እንደ ሳይንስ የሚቆጠር ሐሳብ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተደረገ ጥናት፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ የደሴቲቱ እናቶች ከሦስቱ አንዷ ግድም ይህ ኦፕራሲዮን ተደርጎላታል። ነገሩ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ስሙ ራሱ «ላ ኦፔራሲዮን» ሆነ። የእኛው «ኦፕራሲዮን» እኮ ነው! የትኛው ኦፕራሲዮን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

«ፈልገው ያደረጉት አሉ» ትለኛለህ። አሉ፣ ብዙ። ግን ሌላ መከላከያ በቅጡ ሳይቀርብላት፣ ሥራና ኑሮ አንቆ ይዟት፣ ሐኪሙ ይሄ ይሻልሻል ሲላት እሺ ያለችውን ሴት «መረጠች» ማለት ሂሳቡ ላይ ትንሽ ማጭበርበር ነው። ደግሞ ብዙዎቹ ለዘለዓለም መሆኑን አያውቁም ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ቃል ነው፣ አንዲት ቃል! በእንግሊዝኛ ቱቦዎቹ «ይታሰራሉ» ነው የሚባለው፤ የታሰረ ነገር ደግሞ ይፈታል። በአማርኛስ ምን እንላለን? «ማስቋጠር» አይደል የምንለው? እስቲ አያታችሁን ጠይቋቸው፣ የተቋጠረ ነገር አይፈታም ወይ? ሐኪሙ ቃሉን ያውቀዋል፣ ሴትዮዋም ቃሉን ታውቀዋለች፣ ሁለቱ የሚያውቁት ግን አንድ ነገር አይደለም።

በ1973 አላባማ ውስጥ የ12 እና የ14 ዓመት ጥቁር እህትማማቾች በመንግሥት ገንዘብ በሚሠራ ክሊኒክ አማካይነት እንዲመክኑ ተደረገ። እናታቸው ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱ ላይ ኤክስ አድርገው ፈረሙ። የፈቀዱት የመከላከያ መርፌ መስሏቸው ነው። በሎስ አንጀለስ ደግሞ 10 የሜክሲኮ ተወላጅ እናቶች ምጥ ላይ እያሉ በማይገባን ቋንቋ አስፈርመው አመከኑን ብለው ከሰሱ። በ1978 ተሸነፉ። ዳኛው ነገሩን የመግባባት ችግር አድርገው ነው ያዩት። የመግባባት ችግር! ያቺ ሴት ከእንግዲህ ልጅ አትወልድም፣ ስሙ ግን የመግባባት ችግር ነው።

በል እንግዲህ ኢንተርኑ ልጄ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። በስንት መድኃኒት ነው ይሄ በሽታ የሚታከመው? አንዷን እናት ብታድን ነገ ሌላዋ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ናት። ወረርሽኝ ሲመጣ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ ፈልጉ ብዬ አስተምሬህ የለም? ኮሌራን አልጋ ላይ ብቻ እያከምክ ምንጩን አልመለከትም የሚል ሐኪም ሰነፍ ነው ብለን ተስማምተን ነበር። እዚህ ላይ ምንጩ ወረቀት ነው። የፈቃድ ፎርም ነው። ሄለን ምንጩ ጋ ሄደች፣ በቃ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና ያለአግባብ ማምከንን ለማስቆም የሚታገል ኮሚቴ መሠረተች። በ1975 የኒው ዮርክ ከተማ የመንግሥት ሆስፒታሎች መመሪያ አወጡ፤ ከዚያ ክርክሩ ወደ ዋሽንግተን ሄደ፣ እሷም ሄዳ መሰከረች። በ1979 በፌዴራል ገንዘብ ለሚሠራ ማምከን ሁሉ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ደንቡ የሚለውን ላስነብባችሁ፦ ሴትዮዋ 21 ዓመት የሞላት ትሁን። በሚገባት ቋንቋ ይነገራት፣ ካልሆነ አስተርጓሚ ይቅረብላት። እምቢ ብትል የመንግሥት ድጎማዋ እንደማይቀርባት ይነገራት። ምጥ ላይ ሆና አትፈርም። ከፈረመች በኋላ ደግሞ 30 ቀን ይቆይ።

ይሄ ነው እንግዲህ ሰልፍና ፖለቲካ ያልከው። ለኔ ማዘዣ ወረቀት ነው የሚመስለኝ፤ መጠኑ አለ፣ ጊዜው አለ፣ ለማን እንደማይሰጥ አለ።

ማን ተቃወማት ብትሉ፣ የሚገርመው፣ ከተቃዋሚዎቹ መካከል የሴቶች መብት ተከራካሪዎች ነበሩ፤ ፕላንድ ፓረንትሁድን የመሰሉ ትልልቅ ድርጅቶች ሳይቀሩ። ተንኮል አልነበረም። እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የማህፀን ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አንድ ቀመር ነበር፦ ዕድሜሽ ሲባዛ በልጆችሽ ቁጥር 120 ካልሞላ ኦፕራሲዮኑን አንሠራልሽም። 30 ዓመት፣ 3 ልጅ፣ 90 ሆነ፣ ወደ ቤትሽ! 120 ቢሞላም የሐኪሞች ፊርማ ያስፈልጋል። ገንዘብ ያላት ነጭ ሴት ለምና ትከለከል ነበር። ታዲያ ለሷ «30 ቀን ጠብቂ» ሲባል ሌላ በር የተዘጋ ሆኖ ታያት። ለፖርቶ ሪኮዋ፣ ለጥቁሯ፣ ለሜክሲኮዋ ግን በሩ ሳታንኳኳ ነው የተከፈተው፣ እንዲያውም ከኋላ የሚገፋት አለ። አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ኦፕራሲዮን፣ ሁለት ሕግ።

የሄለን ትልቅነት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። የገዛ ወዳጆቿን ፊት ለፊት አይታ «የእናንተ ችግር እውነት ነው፣ የነሱ ችግር ግን ሌላ ነው» ማለት ቀላል አይደለም። ጠላትን መሳደብ ማንም ይችላል፤ ፌስቡክ ሞልቶልናል። ከራስ ወገን ጋር ተጣልቶ፣ ደግሞ ሳይለያዩ አብሮ መሥራት ግን ብርቅ ነው። በነገራችን ላይ ውርጃ ላይ የነበራት አቋም ከብዙዎቻችሁ ጋር አይስማማም፤ በ1977 የተቋቋመው ሌላው ኮሚቴዋ የውርጃን መብትም አብሮ ይዟል። እኔም ሁሉም ላይ ከሷ ጋር አይደለሁም። አልደበቅኳችሁም።

ይሄንንም አልደብቅም፦ ዛሬ ያ የ30 ቀን ደንብ ራሱ ድሃዋን ይጎዳል የሚሉ የአሜሪካ ሐኪሞች አሉ። ፈልጋ፣ ገብቷት፣ ፈርማ፣ ቀኑ አልሞላም ተብላ የምትመለስ አለች፤ የግል ኢንሹራንስ ያላት ግን አትጠብቅም። ክርክሩ ከባድ ነው፣ ደንቡም ይሻሻል ይሆናል። ግን ልብ በሉ፣ ይሄን ክርክር የሚከራከሩት እነማን ናቸው? ሐኪሞች ናቸው። «የሐኪም ሥራ ማከም ብቻ ነው» ብለው ቢቀመጡ ኖሮ አሁንም ማንም አያነሣውም ነበር።

«ይሄ የኒው ዮርክ ወሬ ነው፣ እኛን ምን አገባን» ለምትሉ ደግሞ፣ እንግዲያው አማርኛ የሚናገሩ እናቶችን ላንሣ። በ2012 መጨረሻ የእስራኤል ቴሌቪዥን ከኢትዮጵያ የሄዱ ሴቶችን አቀረበ። አንዳንዶቹ ገና ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዞ ሲጠብቁ የሦስት ወር መርፌ እንደተወጉ፣ ክትባት ነው እንደተባሉ፣ ካልተወጋችሁ አትሄዱም የተባሉም እንዳሉ ተናገሩ። በ2013 ጥር የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ለሐኪሞች ደብዳቤ ጻፈ፦ ከኢትዮጵያ የመጣችም ሆነች ሌላ ሴት፣ የመርፌው ነገር በትክክል እንዳልገባት ከጠረጠራችሁ አታድሱላት፣ አስፈላጊ ከሆነም አስተርጓሚ ተጠቀሙ።

በፍትሕ እንነጋገር። ያ መርፌ ጊዜያዊ ነው፣ ማምከን አይደለም። እዚህ አገራችንም ብዙ ሴት በፍላጎቷ የምትወስደው መከላከያ ነው። መርዳት ነበር ሥራችን ያሉ ድርጅቶች ክሱን ክደዋል፣ በኋላም የእስራኤል መንግሥት ተቆጣጣሪ በግድ ለመወጋታቸው ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። እሺ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያቺ ደብዳቤ ያለችው «ካልገባት አትስጧት፣ አስተርጓሚ ጥሩ» አይደል? ሄለን ዋሽንግተን ድረስ ሄዳ የተከራከረችለት ነገር 34 ዓመት ቆይቶ ለጎንደር እናቶች ሲጻፍ፣ ነገሩ እኛን አያገባንም እንበል? ማስገደድ ነበር አልነበረም እያልን ስንጨቃጨቅ፣ መሃል ላይ «ገብቷት ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። አላባማ ላይ ኤክስ ያደረጉት እናትም የተጠየቁት ፈርመዋል አልፈረሙም ተብሎ ነው።

የቀረውን ቶሎ ልጨርሰው፣ ባትሪዬም እያለቀ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርክ ስቴት የኤድስ ተቋም የሕክምና ዳይሬክተር ሆነች፤ ያኔ በሽታው የወንዶች ብቻ በሚመስልበት ጊዜ የድሃ ሴቶችንና የሕፃናትን ነገር ይዛ። በ1993 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነች፤ ማኅበሩን የመራች የመጀመሪያዋ ላቲና ናት። በ2001 ጥር ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሜዳልያ ሸለሟት፣ የዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በካንሰር አረፈች። ሥልጣኑና ሜዳልያው የመጣው እንግዲህ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ካለፈ በኋላ ነው። ሰው ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ሲያነባት ሥልጣን ፈልጋ የሮጠች ይመስለዋል።

ስለዚህ ልጄ፣ «ወይስ» የምትለዋን ቃል ነው ያልወደድኩልህ። በጥያቄህ ግን አልተቀየምኩም፤ አስረኛ ክፍልም እያለህ የፈተና ወረቀትህን ይዘህ ግማሽ ማርክ ስትከራከረኝ ነበር፣ ደግሞ አንዳንዴ ልክ ነበርክ።

አሁን አንድ ነገር አስቸግርሃለሁ። የምትሠራበት ሆስፒታል ካርዱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የሚቀጥለው ተረኛ ስትሆን፣ ለኦፕራሲዮን ካስፈረምካት እናት ጎን ሁለት ደቂቃ ቁጭ በልና «እማማ፣ ምን ሊደረግልዎ እንደሆነ እስቲ በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» በላት። አማርኛ የማትችል ከሆነች የሚችልላት ፈልግ። የመለሰችልህን እንዳለ ጻፍልኝ፤ ኮሜንት ላይ ካልፈለግህ ኢንቦክስ። ስልኬም አልተቀየረም።